ዚመል አዳራሽ እየሞላ ያስተምር ነበር፤ ታዲያ 56 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለምን ወንበር ከለከሉት?

የመደርደሪያው ሰው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ቤቶች። ስለ ሶሲዮሎጂው (የማኅበረሰብ ጥናት) ሊቅ ማክስ ዌበር እዚህ ብዙ ተባብለናል። የእሱ ወዳጅ የነበረው ጀርመናዊው ፈላስፋና የሶሲዮሎጂ ሰው ጌኦርግ ዚመል ግን ስሙ ሲነሳ አላየሁም። በዩኒቨርሲቲ ቋንቋ «ወንበር» ማለት የሙሉ ፕሮፌሰርነት ቦታ ነው። ሰሞኑን እሱን ሳነብ ስለከረምኩ የሕይወቱን ነገር ላምጣው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዚመል በ1858 በርሊን ተወለደ። ላይፕሲገር እና ፍሪድሪሽ የሚባሉት ጎዳናዎች የሚጋጠሙበት ማዕዘን ላይ፣ ከተማዋ መሀል። ለቤቱ ሰባተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። አባቱ የቸኮሌትና የጣፋጭ ነጋዴ ነበር፤ በ1874 ሞተ። ልጁን የቤተሰቡ ወዳጅ ዩልዩስ ፍሪድለንደር በሞግዚትነት ያዘው። ፍሪድለንደር የሙዚቃ ኖታ አሳታሚ ነበር። ኋላም ለዚመል ውርስ ትቶለታል። ይህችን ውርስ ልብ በሉልኝ።

ወላጆቹ የዘር ሐረጋቸው ከአይሁድ ነው። ሁለቱም ግን ክርስትና ተነስተዋል፤ አባትየው ካቶሊክ፣ እናትየው ፕሮቴስታንት። ዚመልም በፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያን ተጠምቋል።

በ1876 በርሊን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከሞምሰን ታሪክ ተማረ፤ ከዚያ ወደ ፍልስፍና ዞረ። ለዶክትሬት ያቀረበው ጽሑፍ ስለ ሙዚቃ አጀማመር ነበር። በአልፕስ ተራሮች ስለሚዜመው ዮድል ሁሉ መጠይቅ አዘጋጅቷል። ፈታኞቹ አልተቀበሉትም። ከእነሱ አንዱ ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ሄልምሆልትስ ነበር። የፊደል ግድፈቱ በዛ፣ ጥቅሶቹም በወጉ አልሰፈሩም አሉ። በምትኩ ቀደም ብሎ ስለ ካንት ጽፎ የተሸለመበትን ድርሰት አቅርብ ተባለ። በ1881 በእሱ ተመረቀ።

የማስተማር ፈቃድ ሲጠይቅም አልቀናውም። በሙከራ ትምህርቱ ላይ አዛውንቱ ፕሮፌሰር ጼለር ነፍስ አንጎል ውስጥ የት እንደምትቀመጥ የራሱን ሐሳብ ሰነዘረ። ወጣቱ ዚመል ፊት ለፊት አጣጣለበት ይባላል። ጣሉት። ደግሞ ቀርቦ በ1885 ፈቃዱን አገኘ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። 15 ዓመት ፕሪቫትዶዘንት ሆኖ ቆየ። በ43 ዓመቱ የፕሮፌሰር ማዕረግ ሰጡት፤ ግን ደሞዝ የሌለው፣ በዩኒቨርሲቲው ጉዳይ ላይ ድምፅ የማያሰጥ ማዕረግ። «የገንዘብ ፍልስፍና» የተባለው ትልቅ መጽሐፉ እኮ በ1900 ወጥቶ ነበር። ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነው በ1914 ነው። ያውም በርሊን ሳይሆን ድንበር ላይ ባለችው ስትራስቡርግ።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። የገፋው የአይሁድ ጥላቻ ነው። ስለ አጻጻፉ የተባለው ሁሉ ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አዲስ አንባቢ

በጉጉት ነው ያነበብኩት። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ደሞዝ ከሌለው ምን በልቶ ኖረ? ፕሪቫትዶዘንት የሚባለውስ ምን ዓይነት ሥራ ነው?

የመደርደሪያው ሰው

በዚያ ዘመን በጀርመን ፕሪቫትዶዘንት ማለት የማስተማር ፈቃድ ያለው፣ መደበኛ ወንበር ግን የሌለው መምህር ነው። መንግሥት ደሞዝ አይቆርጥለትም። የሚደርሰው ትምህርቱን ለመስማት የተመዘገቡ ሰዎች የሚከፍሉት ብቻ ነው። ሰሚ ከሌለ ገቢ የለም።

ዚመል ሰሚ አላጣም። ተማሪ ያልሆነ የበርሊን ሰው ሳይቀር ይመጣ ነበር። ከሩሲያና ከፖላንድ የመጡ ተማሪዎች ነበሩት። ሴቶችም ብዙ ነበሩ፤ ፕሮይሰን (በርሊን ያለችበት የጀርመን ግዛት) ውስጥ ሴት በመደበኛ ተማሪነት መመዝገብ የቻለችው ገና በ1908 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በአድማጭነት ነው የሚገቡት። የሰሙት ሰዎች እንደጻፉት፣ ሐሳቡን እዚያው ሰው ፊት ቆሞ የሚያወጣው ይመስል ነበር። የተዘጋጀ ነገር የሚያነብ አይመስልም።

ከአድማጮቹ መሀል እነማን እንደነበሩ ተመልከቱ። ኋላ ስመ ጥር አሳቢዎች የሆኑት ጌኦርግ ሉካች፣ ኤርንስት ብሎኽ፣ ዚግፍሪድ ክራካወር። ከአሜሪካ ደግሞ ሮበርት ፓርክ። ፓርክ ኋላ ቺካጎ ላይ የከተማ ጥናትን ካቆሙት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ በ1921 ከበርጀስ ጋር ባዘጋጀው የሶሲዮሎጂ መማሪያ ውስጥም የዚመልን ጽሑፎች በብዛት አስገብቷል። ደሞዝ ያልተከፈለው መምህር ያስተማራቸው ናቸው እንግዲህ።

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን በዩኒቨርሲቲ የቅጥር ኮሚቴ የፈጀሁ ሰው ነኝ። ስለ ሰው የተጻፈ የምስክርነት ደብዳቤ ብዙ አንብቤያለሁ። የዲትሪሽ ሼፈርን ደብዳቤ ሳነብ ግን ዛሬም ያመኛል። ክሩ ላይ ስላልተጠቀሰ እኔ ላንሳው።

በ1908 ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ወንበር ክፍት ሆነ። ማክስ ዌበር ዚመል እንዲመጣ ፈለገ፤ ደገፈው። ቅጥሩን የሚወስነው የባደን መንግሥት የትምህርት ሚኒስቴር ግን የበርሊኑን የታሪክ ፕሮፌሰር ሼፈርን አስተያየት ጠየቀ። ሼፈር ምን ብሎ ቢጀምር ጥሩ ነው? ዚመል ይጠመቅ አይጠመቅ አላውቅም፣ ለመጠየቅም አልፈለግሁም ይላል። ይቀጥልና፣ ይሁን እንጂ በመልኩም፣ በአኳኋኑም፣ በአስተሳሰቡም ፍጹም አይሁዳዊ ነው ይላል።

እዚያ ላይ አላቆመም። ወደ አድማጮቹ ይሄዳል። ሴቶች በዝተዋል፤ ከምሥራቅ የሚጎርፉት ደግሞ አዳራሹን ሞልተውታል ይላል። ሰው መውደዱ በራሱ ክስ ሆነበት። በመጨረሻ ወደ ሐሳቡ ይመጣል፦ የሰውን ኑሮ የሚመሩት መንግሥትና ቤተክርስቲያን ሆነው ሳለ በእነሱ ቦታ «ማኅበረሰብን» ማስቀመጥ አደገኛ ስሕተት ነው አለ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ የሰውየው ፊት፣ ቀጥሎ ተማሪዎቹ፣ ከዚያ በኋላ ሥራው። አንድ መጽሐፉን እንኳ ገልጦ ይህ ገጽ ላይ ተሳስቷል አላለም። እኔ በነበርኩበት ኮሚቴ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢመጣ ኖሮ ከሰውየው ይልቅ የጻፈው ይመረመር ነበር ብዬ ማመን እፈልጋለሁ።

ዚመል ወንበሩን አላገኘም። በ1915 ሃይደልበርግ ላይ እንደገና ዕድል ተከፈተ፤ እዚያ ያስተምሩ የነበሩት ፈላስፎች ዊንደልባንድም ላስክም በዚያው ዓመት ሞተው ነበር። አሁንም አልሆነለትም። የዊንደልባንድን ወንበር ሌላው ፈላስፋ ሪከርት ወሰደው።

ሚዛን

መምህር፣ ስለ ደብዳቤው አልከራከርዎትም። አስነዋሪ ነው። የክሩ ባለቤት ግን «ስለ አጻጻፉ የተባለው ሁሉ ከዚያ ቀጥሎ ነው» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘሎታል። እዚያ ላይ አልስማማም።

ፈረንሳዊውን የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርኬምን እንይ። ዱርኬም ራሱ የረቢ ልጅ ነው። በ1898 ያቋቋመው መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ የዚመልን ጽሑፍ በክብር አትሟል። «የገንዘብ ፍልስፍና» ሲወጣ ግን ጠንከር አድርጎ ነቀፈው። ነገሩ ሳይንስም አይደለም፣ ሥነ ጥበብም አይደለም፤ መሀል ላይ ነው የተንሳፈፈው ነው የሚለው በአጭሩ። ይህን ሰው በአይሁድ ጥላቻ ልትከሰው አትችልም።

ደግሞም ሐቅ አለው። የ1908ቱ «ሶሲዮሎጂ» ከ700 ገጽ በላይ ነው። የግርጌ ማስታወሻ ፈልግና አግኝ! ከየት እንዳመጣው አይነግርህም። ዛሬ ስለ ምስጢር፣ ነገ ስለ ፋሽን፣ ከነገ ወዲያ ስለ ሥዕል ክፈፍ፣ ስለ ድልድይና ስለ በር ይጽፋል። ተማሪ ይህን ዘዴ ተምሮ እንዴት ይቀጥለው? ወንበር የሚሰጠው ለብልህነት ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት ለሚተክል፣ ተተኪ ለሚያወጣ ሰው ነው።

የመደርደሪያው ሰው

ሚዛን፣ የዱርኬም ነጥብ ከባድ ነው፤ ተቀብያለሁ። ዌበርም ቢሆን ስለ ዘዴው ቅሬታ ነበረው፤ ሳይታተም የቀረ ማስታወሻም ጽፏል። ግን ልዩነቱን እይልኝ። ዌበር ቅሬታውን ይዞ ይህን ሰው ቅጠሩት አለ። ዱርኬም ቅሬታውን በስሙ ፈርሞ አሳተመ፤ ዚመል ሊመልስለት ይችል ነበር። የሼፈር ደብዳቤ ግን በጀርባ የሄደ ነው። መነቀፍና ቁልፍ ተቆልፎብህ መቅረት ለየቅል ናቸው።

ትምህርት ቤት አልተከለም ለሚለው ደግሞ፣ ወንበር፣ ሴሚናርና ረዳት ሳይኖርህ በምን ትተክላለህ? የዶክትሬት ተማሪ እንኳ በራሱ ሥልጣን ማስመረቅ የማይችል ሰው ነው። በ1909 የጀርመን ሶሲዮሎጂ ማኅበር ሲመሠረት ከዌበር፣ ከተኒስና ከዞምባርት ጋር ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። በ1910 ፍራንክፈርት ላይ የመጀመሪያው ጉባኤ ሲደረግ የመክፈቻውን ንግግር ያደረገው እሱ ነው። የሙያ ባልደረቦቹ ያውቁታል ማለት ነው። የማያውቀው ቢሮው ነው።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ

ውርሱን ልብ በሉ ተብለን ሳይነሳ ሊቀር ነው እንዴ? እኔ ላንሳው።

«የገንዘብ ፍልስፍና» ውስጥ በጣም የምወደው ቦታ አለ። ጌታው ከገባሩ ይህን ያህል ማር፣ ይህን ያህል ዶሮ አምጣ ካለ የገባሩን ሥራ አብሮ ወሰነበት ይላል። ማር የሚገብር ሰው ንብ ማነብ አለበት፤ ምርጫ የለውም። ጌታው ግብሩን በገንዘብ አድርገው ያለ ቀን ግን ገባሩ በዚያች ልክ ነፃ ወጣ። ንብ ያንባ፣ ከብት ያርባ፣ የፈለገውን ይሥራ፤ ገንዘቡን ብቻ ያምጣ። የማር ግብር ለእኛ አገር ታሪክ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለምና ይህ ክፍል ቶሎ ይገባናል።

ዚመል ግን እዚያ አያቆምም። ያው ገንዘብ ከጌታው እጅ ያወጣህና ለማታውቃቸው ለብዙ ሰዎች ጥገኛ ያደርግሃል ይላል። ዳቦህን የሚጋግረውን፣ ልብስህን የሚሰፋውን አታውቀውም፤ ያለ እነሱ ግን አንድ ሳምንት አትኖርም። ማንም አንድ ሰው አይገዛህም፤ ሁሉም ግን ያስፈልግሃል። መሣሪያ የነበረው ገንዘብም ቀስ በቀስ ራሱ ግብ ይሆናል።

አሁን ወደ ራሱ ሕይወት እናምጣው። 15 ዓመት ያለ ደሞዝ መቆየት የቻለው ፍሪድለንደር ገንዘብ ስለተወለት ነው። ገንዘብ የሚሰጠውን ነፃነት የጻፈው ከመጽሐፍ ብቻ አግኝቶ አይደለም፤ እየኖረበት ነው። አንድ ያለ ውርስ የተወለደ አይሁዳዊ ምሁር በዚያው ዘመን በዚያው በር ላይ ቢቆምስ? ወይ አስተማሪነቱን ይተዋል፣ ወይ አገር ይለቃል። ዚመልን ስናዝንለት እነዚያንም ማሰብ አለብን። የእነሱን መጽሐፍ አላነበብነውም፤ ምክንያቱም አልተጻፈም።

የመደርደሪያው ሰው

ይህ የክሩ ምርጥ መልስ ነው። ውርሱን ልብ በሉ ስል ይህን ያህል አርቄ አላየሁትም ነበር። ተባረክ።

የበርሊን ነዋሪ

እኔ ፍሪድሪሽ ጎዳና ላይ በየቀኑ ነው የማልፈው። ዚመል ሲወለድ የበርሊን ሕዝብ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ነበር። በ1900 ወደ 2 ሚሊዮን ተጠግቷል። ከተማዋ በዓይኑ ፊት ነው ያበጠችው።

በ1903 «ታላላቅ ከተሞችና የመንፈስ ሕይወት» የሚለውን አጭር ጽሑፍ አወጣ። መነሻው ድሬስደን ውስጥ ስለ ከተሞች ከተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ጋር የተሰጠ ንግግር ነው። እዚያ ላይ አንድ ምሳሌ አለ። የበርሊን ሰዓቶች በሙሉ በየፊናቸው ቢዛቡ፣ በአንድ ሰዓት ያህል እንኳ ቢሆን፣ የከተማዋ ንግድ ለረጅም ጊዜ ይቃወሳል ይላል። ባቡር ጣቢያ ቆሜ ሁለት ደቂቃ ዘገየ ተብሎ ሰው ሁሉ ሲቆጣ ይህ ትዝ ይለኛል።

የከተማ ሰው ለምን ፊቱ ቀዝቃዛ እንደሆነም ያስረዳል። መንገድ ላይ የሚገጥመው ነገር ስለሚበዛ፣ ለሁሉም ልቡን ቢከፍት ያልቃል። ስለዚህ ራሱን ይከላከላል። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። እኔ እዚህ ስመጣ ማንም ሰላም አይለኝም ብዬ አዝን ነበር፤ ጽሑፉ ሐዘኔን አቅልሎልኛል።

ከሁሉ የነካኝ ግን የ1908ቱ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ስለ መጻተኛው የጻፈው ነው። ጥቂት ገጽ ናት። መጻተኛ ማለት ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄደው አይደለም፤ ዛሬ መጥቶ ነገም የሚቀረው ነው ይላል። ቅርብም ሩቅም ነው። ሥር ስለሌለው ለማንም አይወግንም። ድሮ አንዳንድ የጣሊያን ከተሞች ዳኛ ከውጭ የሚያመጡት ለዚህ ነበር። ሰውም ለቅርቡ የማይናገረውን ምስጢር ለመጻተኛ ይነግረዋል ይላል።

ይህችን የመጨረሻዋን አውቃታለሁ። ፎቄ ላይ ያሉ አንዲት አሮጊት ደረጃ ላይ ቆመው፣ የገበያ ቦርሳቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ለልጆቻቸው ያልነገሩትን ሕመም ለእኔ ነገሩኝ። ጀርመንኛዬ ያኔ ገና ነበር፤ ግማሹን ነው የሰማሁት። ለምን እኔን መረጡ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ዚመልን ሳነብ ገባኝ።

ቀይ እስክሪብቶ

ስለ ሴቶቹ ማንም አላነሳም። በአዳራሹ የሞሉት «ሴቶች» ብቻ አይደሉም፤ ስም ያላቸውም ነበሩ።

ሚስቱ ገርትሩድ ራሷ ፈላስፋ ነበረች። በ1890 ተጋቡ። መጽሐፎቿን በሌላ ስም፣ ማሪ ሉዊዘ ኤንከንዶርፍ ብላ ነው ያሳተመቻቸው። ሌላዋ ገርትሩድ ካንቶሮቪች ናት። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ነበረች፤ ዶክትሬቷን ዙሪክ ላይ ሠርታለች፤ የፈረንሳዊውን ፈላስፋ የቤርግሶንን «ፈጣሪ ዝግመተ ለውጥ» ወደ ጀርመንኛ የመለሰችው እሷ ናት። ከዚመል ጋር በምስጢር ፍቅር ይዟቸው በ1907 ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ አንገላ ትባላለች። ነገሩ ተሸፍኖ ቆየ።

በ1908 ያወጣው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ምስጢር አንድ ትልቅ ምዕራፍ አለ። ምስጢር ሰዎችን እንዴት እንደሚያስተሳስር፣ የተደበቀ ነገር ያለው ሰው እንዴት እንደሚኖር በጥልቀት ያሳያል። ያንን ምዕራፍ ከአድናቆት ጋር አነበብኩት፤ ልጅቷንና እናቷን ሳስብ ግን ከበደኝ። የምስጢሩን ዋጋ የከፈሉት እነሱ ናቸው።

ካንቶሮቪች በ1942 ወደ ስዊዘርላንድ ልትሻገር ስትል ድንበር ላይ ተያዘች። ናዚዎች ተሬዝየንሽታት ወደሚባለው የአይሁድ ማጎሪያ ወሰዷት። እዚያው በ1945 ሞተች። የዚመል ወንድ ልጅ ሃንስም ሐኪም ነበር፤ በ1938 ኅዳር ናዚዎች በአይሁዶች ላይ ከዘመቱ በኋላ ዳኻው ማጎሪያ ታስሮ፣ ኋላ አሜሪካ ገብቶ እዚያ አረፈ። ሼፈር በደብዳቤ የጀመረው ነገር የት እንደደረሰ በዚህ ቤተሰብ ላይ ይታያል።

ሚዛን

እህቴ፣ ይህን ስላነሳሽ አመሰግናለሁ። እኔም አንድ የማይወደድ ነገር ልጨምር። በ1914 ጦርነቱ ሲነሳ ዚመል እንደ ብዙ የጀርመን ምሁራን ደገፈው። ስለ ጦርነቱ ንግግር አደረገ፤ በ1917 ጽሑፎቹ በመጽሐፍ ወጡ። ብሎኽ በዚህ ተቀይሞ ተለየው። ዕድሜህን በሙሉ ከመወሰን ስትሸሽ ኖረህ አሁን ምሽግ ውስጥ ቁርጡን አገኘህ ብሎ ተናገረው ይባላል። ያገለለውን አገር ጦርነት መደገፉ እኔን ያሳዝነኛል።

የመደርደሪያው ሰው

እኔንም። ምናልባት ያ ወቅት ለተገፋ ሰው ከሁሉ ጋር አንድ የመሆን ዕድል መስሎ ታይቶት ይሆናል። ይህ ግምቴ ነው፤ ጥፋቱን አያነጻውም። ጦርነቱ ሲጎትት ግን የመጀመሪያው ሙቀት በርዶለታል፤ የአውሮፓ አንድነት መፍረሱ በጽሑፎቹ ውስጥ እንደ ትልቅ ኪሳራ ነው የሚመጣው።

ስትራስቡርግንም ጦርነቱ በላበት። ወንበሩን ባገኘ በወራት ውስጥ ተማሪዎቹ ዘመቱ፤ የዩኒቨርሲቲው አዳራሾች የቁስለኛ ሆስፒታል ሆኑ። ያን ሁሉ ዘመን በርሊን ላይ ሰው ሞልቶለት ወንበር አጣ፤ ወንበሩን ሲያገኝ ሰው አጣ። በመስከረም 1918 በጉበት ካንሰር እዚያው ሞተ። 60 ዓመቱ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ከተማዋ ወደ ፈረንሳይ ዞረች፤ የጀርመኑም ዩኒቨርሲቲ ተዘጋ።

ለሚዛን የተተኪውን ጥያቄ ዚመል ራሱ መልሶልሃል። ማስታወሻው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ጽፏል፦ የሐሳብ ወራሽ ሳይኖረኝ እንደምሞት አውቃለሁ፤ ደግም ነው። የምተወው ውርስ ለብዙ ወራሾች እንደሚከፋፈል ጥሬ ገንዘብ ነው፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ለራሱ በሚስማማው ነገር ላይ ያውለዋል፤ ከየት እንደመጣም አይታወቅም።

ስለ ከተማ፣ ስለ ፋሽን፣ ስለ ስደተኛ የሚጻፈውን ዛሬ ስታነብ ያ ገንዘብ እጅህ ላይ ነው። ሥራዎቹ ተሰብስበው በ24 ቅጽ በጀርመን ታትመው ያለቁት በ2015 ነው። ከሞተ ወደ 100 ዓመት ሊሞላው ሲል።

አዲስ አንባቢ

ልቤን ነው የነካው። እንግዲህ ከየት ልጀምር? «የገንዘብ ፍልስፍና»ን ላወርድ ነበር።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ከእሱ አትጀምር። ተስፋ ያስቆርጥሃል። መጀመሪያ የበርሊኑ ወዳጃችን ያነሳውን የከተማ ጽሑፍ አንብብ፤ በአንድ ምሽት ታልቃለች። ቀጥለህ ስለ መጻተኛው። እንግሊዝኛ ካነበብክ ሁለቱም በእንግሊዝኛ በቀላሉ ይገኛሉ።

ከዚያ ከ«ሶሲዮሎጂ» ውስጥ ስለ ሰው ብዛት የጻፈውን ምዕራፍ ፈልግ። ሁለት ሰዎች ብቻ የያዙት ጓደኝነትና ሦስት ሰዎች የያዙት በምን እንደሚለያዩ ያሳይሃል። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ከሄደ ነገሩ አበቃ፤ ለዚህ ነው እያንዳንዱ ኃላፊነቱን በሌላው ላይ መጣል የማይችለው። ሦስተኛው ሲገባ ሌላ ዓለም ይሆናል። ሦስተኛው ያስታርቃል። ወይም ሁለቱ ሲጣሉ ተጠቃሚ ይሆናል። ወይም እሱ ራሱ ያጣላቸውና ይገዛቸዋል። ይህን ካነበብክ በኋላ የቤተሰብ ሽምግልናም ሆነ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ስታይ ማን ምን ቦታ ላይ እንደተቀመጠ ትለያለህ።

የገንዘቡን መጽሐፍ ለክረምት አቆየው። ስትጀምረው የማር ግብሩ ላይ ስትደርስ እዚሁ ጻፍልን።